የማዕበል ሰንጣቂው ካባ

ውድ እማዬ፣

የእጅ ጽሑፌን አታውቂውም። ስትሄጂ ፊደል ከመስመር የማስወጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሬናታ ነኝ። ዛሬ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ቶሌዶ፣ በዚያው ቤት፣ ብቻዬን እኖራለሁ። አባዬ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

ሥራዬን ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ሰዎች ያረጁ አሻንጉሊቶቻቸውን ያመጡልኛል። እውነተኛ ነው ወይስ አስመስለው የሠሩት፣ ምኑ ጎደለ፣ ምኑ ተቀየረ፣ ምን ያህል ያወጣል የሚለውን መርምሬ ጽፌ እሰጣቸዋለሁ። አብዛኞቹ ከኮሚክ መጽሔት የወጡ ጀግኖች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከማላውቃቸው ሰዎች ልጅነት ጋር እውላለሁ። ሱቁን ዘግቼ ቤት ስገባ ግን እንዴት ዋልሽ የሚለኝ የለም።

ባለፈው ማክሰኞ ዳሬል የሚባል የጭነት መኪና ነጂ ከኢሪ ከተማ መጣ። ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ማዕበል ሰንጣቂ አወጣ፤ ያንን ሰማያዊ ካባ ለብሶ በሐይቅ ላይ የሚሮጠውን ጀግና። አንቺ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ለፋብሪካው ካባውን በደርዘን ትሰፊለት የነበረውን።

"ሁለት ሰው አሳይቼ ነበር" አለኝ። "አንዱ ካባው የራሱ ነው አለ፣ ሌላው አይደለም አለ። እስቲ እርስዎ ዳኙኝ።"

"ዳኝነቴ ባይጥምህስ?"

"ውሸት ብፈልግ ሦስት ሰዓት አልነዳም ነበር፤ እዚያው ሰፈሬ ሞልቷል።"

ሳቅኩና ሥራዬን ጀመርኩ። የፊቱ ቀለም አልተነካም። ጉልበቱና ክርኑ ይታጠፋሉ፣ ያቆሙት ቦታም ይቆማል። የግራ አውራ ጣቱን ጫፍ ጥርስ አግኝቶታል። ጀርባው ላይ ያለው ማኅተም ትክክለኛ ነው። ከዚያ ካባውን ገለበጥኩት። ጨርቁ የፋብሪካው አይደለም፤ የጃንጥላ ጨርቅ ነው። ያንኑ ልጽፍ እስክሪብቶ ካነሳሁ በኋላ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ ቅምቅማቱን በአጉሊ መነጽር አየሁት።

ስፌቱ የግራኝ ስፌት ነው። መጨረሻው ላይ ክሩ ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ ወደ ኋላ ተመልሶ ገብቷል። ያንን ቋጠሮ አጠገብሽ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል! "በቀኝ እጅሽ ስለምትሰፊ ነው እንጂ ሰንፈሽ አይደለም" ትይኝ ነበር።

"ይሄን ማን ሰፋው?" አልኩት።

"ታወቀብኝ ማለት ነው!" አለና አንገቱን አከከ። "የፊተኛውን ካባ ውሻችን ቦጫጨቀው። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ስነፋረቅ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዋንዳ አዩኝ። የተሰበረ ጃንጥላቸውን አምጥተው፣ ሳይለኩ ቆርጠው፣ እዚያው ሰፉልኝ። 'ከአንተ ከፍ የምትል ልጅ አለችኝ' አሉኝ። የት ናት አልኳቸው። 'አባቷ ጋ። ጠይቄያት ነበር፣ አልመጣም አለች' አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።"

እማዬ፣ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ "እናቴ ጥላኝ ሄደች" ስል ኖሬያለሁ። ለጓደኞቼ፣ አግብቼው ለነበረው ሰው፣ በሐዘን ቤት ለማላውቃቸው ሴቶች ሳይቀር። ያን ቀን ጠዋት ጫማዬን ይዘሽ አልጋዬ ጋ መምጣትሽን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። "ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ?" አልሽኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ "አንቺ ሂጂ" አልኩሽ። እንዲያ ካልኩሽ የምትቀሪ መስሎኝ ነበር። ብዙ ቆየሽ። ትንፋሽሽን እሰማው ነበር። አልዞርኩም።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ የላክሽልኝ ካርድም ደርሶኝ ነበር። ፖስታው ላይ "እዚህ የለችም" ብዬ ጽፌ የመለስኩት እኔ ነኝ። አባዬ እስኪሞት አላወቀም።

ለዳሬል ወረቀቱን ጻፍኩለት፦ አሻንጉሊቱ እውነተኛ፣ ካባው በኋላ የተተካ።

አነበበና "በቃ፣ ውሸት ነው ማለት ነው" አለ።

"ገበያው እንደዚያ ይለዋል። ዋጋው ከግማሽ በታች ነው። ግን ውሻው የቦጫጨቀውንም የሰፋችው እሷ ልትሆን ትችላለች።"

"እንዴት አወቁ?"

"ልጇ ነኝ።"

ቆቡን አወለቀ። "ያቺ አልመጣም ያለችው ልጅ እርስዎ ነዎት?" አለ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

በሕይወት እንዳለሽ፣ እዚያው ኢሪ፣ ሐይቁ ዳር ካለው የአረጋውያን ቤት እንደምትኖሪ፣ ዓይንሽ እንደደከመና ደብዳቤ ሲመጣልሽ ሰው እንደሚያነብልሽ የነገረኝ እሱ ነው። ሲወጣ ካባውን ከአሻንጉሊቱ ትከሻ ፈትቶ "ይውሰዱት" አለኝ። እጄ ተዘርግቶ ነበር። መልሼ ሰበሰብኩት። "ያንተ ነው፤ ላንተ ነው የሰፋችው" አልኩት። ከሄደ በኋላ ሱቁን ዘግቼ እስኪመሽ ተቀመጥኩ።

ይህን ለእናቴ የሚያነቡላት ሰው፣ ማን እንደሆኑ አላውቅም። እዚህ ሲደርሱ እባክዎ ትንሽ ቆም ይበሉ። ምናልባት ውኃ ትፈልግ ይሆናል። እርስዎ ፊቷን እያዩ ነው፤ እኔ አላየሁትም። የሚቀጥለውን ቀስ ብለው ያንብቡላት።

እማዬ፣ ጥለሽኝ አልሄድሽም። ጠይቀሽኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ልታገኚኝ ካልፈለግሽ ለበረኛው ንገሪው፤ አልቀየምም፣ ደጁ ላይ ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ። ከፈለግሽኝ ግን ምንም አታዘጋጂ። አጠገብሽ ወንበር ካለ ይበቃኛል።

ልጅሽ ሬናታ