ሳልጠየቅ ስላደረግሁት ይቅርታ

ለተከበሩ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣
የቀበሌያችን የእርቅ ኮሚቴ ሰብሳቢ

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም የእጅዎ ጤና፣ እንደተጠበቀ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ በግራ እጄ ስለምጽፍ ፊደሌ ቢንጋደድ ይታገሱኝ። ጎረቤቴ ደምለው ድንበሬን ገፍቶ ሲያርስ ተው ስላልሁት፣ መጋቢት ሦስት ቀን በመጥረቢያ የቀኝ እጄን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ትልሙ ላይ እንዳስቀረብኝ ራስዎም ያውቃሉ።

ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ተኝቼ ቁስሌ ሳይጠግ፣ ኮሚቴዎ መጋቢት ዘጠኝ ቀን ተሰብስቦ እኔን በሌለሁበት ስላስታረቀኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ክሱ ተነስቶለት ደምለው ከእኔ ቀድሞ ቤቱ ገብቷል፤ እሰይ። ጥቂት ቅሬታ ግን ቢፈቀድልኝ፦

፩. ደምለው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የለመነው የአጎቴን ልጅ አስማማውን ነው አሉ፤ ድንጋዩንም ከትከሻው ያወረደለት እሱ ነው። የአስማማው አሥር ጣት እንዳለ ነው። ምኑን ይቅር እንዳለ ይጠየቅልኝ።

፪. ድንጋዩን ሄጄ አየሁት። የበርበሬ መጅ ያክላል፤ በግራ እጄ አነሳሁት።

፫. በቃለ ጉባኤው ላይ «በተፈጠረው አለመግባባት» ተብሎ ተጽፏል። አይ አለመግባባት! ስለት እንዳለው ገና አሁን አወቅሁ። መሪጌታ፣ እርቅ አልጠላም፤ ግን ደምለው አገር እየሰማ እኔ ፊት ቆሞ መታኋት፣ ድንበሩም የሷ ነው ይበል። ያን ሳይል በሬዎቹን እየነዳ በደጄ ባለፈ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ካላየሁ አንጀቴ አይርስም፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ስለዚህ ክሱ ይመለስልኝ፤ እርቁም ካስፈለገ እኔ ባለሁበት እንደገና ይጀመር።

በእርስዎ ቸርነት ሳላውቀው ይቅር ባይ የሆንሁት፣
አክባሪዎ ዘሪቱ አካለ ወልድ
ሚያዝያ ፳፻፪ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ከቃለ ጉባኤው ግርጌ «የተበዳይ የቀኝ እጅ አውራ ጣት» የሚል አሻራ አገኘሁ። ያ ጣቴ ከተቆረጠ ያን ዕለት ስድስተኛ ቀኑ ነበር። ኮሚቴው አግኝቶት ከሆነ ይመልስልኝ፣ ልቅበረው። ካልሆነም ግድ የለም፤ ወረቀቱን ለፖሊስ ስለሰጠሁ ሰኞ መጥተው የአምስታችሁንም አውራ ጣት ቀለም ያስነኩታል። ደጄ ላይ ለደምለው ብዬ ሌላ ድንጋይ አስመጥቻለሁ፤ ሁለት ሰው ነው ያመጣው። አሁን ግን ተራ መያዝ ሳያስፈልጋችሁ አይቀርም።