መብራቱ አልጠፋም ነበር

ለታላቅ ወንድሜ ለጓንግ-ሹን፣

ከዚያ ከሩቅ አገር እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? የተሰበረው እግርህ ዳነልህ ወይ? ጀሶውን አወለቁልህ? ባለቤትህ ሚን-ዪ ደኅና ናት? ልጆቹስ አደጉ? ሱቁንስ ማን እየከፈተልህ ነው? እኔ ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሰው ሲጠይቀኝም የምመልሰው ይህንኑ ነው።

የአባባን ማረፍ በስልክ የነገርኩህ ቀን «መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። «አልጠፋም» ብዬ ዘጋሁት። ተቀይሜህ አይደለም፤ ነገሩ ለስልክ ስለረዘመብኝ ነው። መብራት ሲሄድ የኦክስጅን ማሽኑን ይዞ የሚያቆየውን ሣጥን ባትሪ የቀየርኩት እኔ ነኝና ጥያቄህ ተገቢ ነው። እግርህ አላንቀሳቅስ ብሎህ ለቀብሩም አልደረስክ። ስለዚህ የሆነውን ከሥሩ ልጻፍልህ።

ሣጥኑ ከበጋ ጀምሮ በየጊዜው ይጮህ ነበር። ብከፍተው የድሮው ባትሪ ሆዱ ተነፍቷል። ከከተማ አዲስ አስመጣሁና ቀየርኩት። አረንጓዴው መብራት ቦግ አለ፤ ጩኸቱም ቆመ። እኔ እጄን ታጥቤ ልነሳ ስል አባባ ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ እንደምታውቀው በየቃሉ መሃል እየተነፈሰ፣ «አረንጓዴ ምን ያውቃል? ሥራ ስጪውና እዪው» አለኝ።

የእሱን ማሽን ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ተውነው። የጠረጴዛውን መብራትና ማራገቢያውን ሣጥኑ ላይ ሰክቼ የሣጥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ድርግም አሉ። ሣጥኑም ዝም አለ። ደንግጬ መልሼ ሰካሁት።

አውሎ ነፋሱ በሁለት ቀን ውስጥ ባሕሩን አቋርጦ ይደርሳል እየተባለ ነበር። በቤት ያለችው አንዲት ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ናት፤ እሷንም ሐኪሙ ወደ ሆስፒታል ለሚወሰድበት መንገድ አስቀምጧት ብሏል። የጎረቤታችን የአጎት አ-ቶንግ ጄኔሬተር አለ፤ ነገር ግን እሱ ዝናቡን ሰብሮ መጥቶ እስኪያስነሳው ያለውን ጊዜ የሚሸፍነው ይህ ሣጥን ነው።

ቀዩንና ጥቁሩን ሽቦ አቀያይሬ እንደሆነ አየሁ፤ ትክክል ነው። ምናልባት አልሞላ ይሆናል ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ሰክቼ ተውኩት፤ ያው ነው። በአባባ ቴስተር ለካሁት፤ አሥራ ሦስት ቮልት አሳየኝ፣ የሞላ ባትሪ ማለት ነው። ባትሪውን የሸጠልኝ ሰው ዘንድ ደወልኩ። «ባትሪው አዲስ ነው፣ የኔ እህት፤ ሣጥንሽ ነው ያረጀው። ጣይውና ሌላ ግዢ» አለኝ። ለአባባ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠበት።

«እኔንም እንዲሁ ይበሉኛ!» አለ። «አምጪው እዚህ።»

ከግድግዳው ነቅዬ፣ ክዳኑን ከፍቼ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩለት። ሠላሳ ዓመት ወደብ ላይ የዓሣ አጥማጆችን ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው አይደል፤ ቴስተሩን ገፋ አደረገና ሽቦውን በሁለት ጣቱ ይዞ ወዝወዝ አደረገው። ሽቦው ያለ ምንም ትግል ሾልኮ እጁ ላይ ቀረ። የአዲሱ ባትሪ የብረት ምላስ ከድሮው ጠበብ ያለ ነው፤ የሽቦው ጫፍ ሰፍቶታል። ለቴስተር የሚበቃ ያህል ይነካል፤ ከባድ ሥራ ሲመጣ ግን ይለቃል።

«የሟች ጫማ አጥልቀሽለት ሩጥ ትይዋለሽ» አለኝ። «ፒንሳ አምጪ። ቀስ ብለሽ ጠበብ አድርጊው። ቀስ! አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ እጅሽ መዶሻ ነው።»

ሁለቱንም ጫፎች በፒንሳ ጠበብ አድርጌ ሰካኋቸው፤ ስጎትታቸው አልወጣ አሉ። ክዳኑን ዘግቼ መብራቱንና ማራገቢያውን እንደገና ሰካሁና ከግድግዳው ነቀልኩ። ማራገቢያው መዞሩን ቀጠለ። አባባ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ዓይኑን ጨፈነ።

አውሎ ነፋሱ ረቡዕ መጣ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመንደሩ መብራት በሙሉ ሄደ። ሣጥኑ ላይ የሰካሁት የአባባ ማሽን አንዴም አልተንገዳገደም። አጎት አ-ቶንግ በስብሶ ገብቶ ጄኔሬተሩን እስኪያስነሳ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ፤ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። አባባ «ምነው ዘገየህ፣ ባሕሩን በዋና ነው የመጣኸው?» አለው።

ያረፈው እሑድ ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ መብራት ከመጣ ሦስት ቀን ሆኖት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ። ፓፓያ እየላጥኩለት ነበር። ቀና ስል ማሽኑ ይሠራል፣ ቱቦው አፍንጫው ላይ ነው፣ እሱ ግን የለም። ሐኪሙ «ሳንባው አልቆ ነበር፤ ማንም ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር» አለ። ገባኝ። ፓፓያውን ልጬ ጨረስኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በቀብሩ ቀን አላለቀስኩም። አክስታችን «ይች ልጅ ድንጋይ ናት» ብላ ለሰው ስትናገር ሰምቻታለሁ፤ አልከፋኝም። ሰባተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ሣጥኑን ከታች ሰፈር ላሉት ለአሮጊቷ ለወይዘሮ ዬ ወሰድኩላቸው፤ እሳቸውም በእንዲህ ዓይነት ማሽን ነው የሚተነፍሱት። በአምፖል ልሞክርላቸው ብዬ ገመዱን ነቀልኩ። አምፖሉ በራ። «ጎሽ፣ በይ ተመልሶ ይሰካ» አሉኝ። እኔ ግን ገመዱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጃቸው መጥታ ከእጄ ወስዳ ሰካችው። ለካ ሣጥኑ «አለቀብኝ» እያለ ሲጮህ ቆይቷል፤ አልሰማሁትም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ለጠየቅኸኝ መልሱ ይኸው ነው። እህቴን ሚን-ዪን ሰላም በልልኝ፤ በስልክ ያለቀሰችውን አልረሳሁም። ዩ-ቸንን ጉንጩን፣ ትንሿን ዥዪን ግንባሯን ሳምልኝ። አጎት አ-ቶንግ «እግርህን አታስቸኩል» ብሎሃል። አክስታችንም ሰላም ብላሃለች። ከቤታችን ደግሞ እኔ ሰላም ብዬሃለሁ፤ ከቤት ያለሁት እኔ ነኝ።

እህትህ ሹ-ዪን
ቼንግጎንግ፣ ታይዋን
ኦክቶበር 11 ቀን 2014