አንድ ሜትር ከሃያ

ኅዳር 4

የጎረቤቴን የግድግዳ ሰዓት ፈታሁ። ውስጡ የሞተ ሸረሪት። «ሰዓትሽ የቆመው ሐዘን ላይ ስለሆነ ነው» ልላት አስቤአለሁ።

ብርቱካኑ ቢጫ እየሆነ ነው። ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ይዟል። ልጃችን በተወለደች ዓመት ባለቤቴ የተከለችው ነው... ባለቤቴ አረፈች፣ ዛፉ ቀረ። እኔም ቀረሁ፣ ግን እኔ ፍሬ አልሰጥም።

ሜትር ዛሬም ግቢውን ሲለካ ዋለ። የልጄ ባል ነው፤ መሐንዲስ። ሜትሩ ከቀበቶው አይለይም፣ ስሙንም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ከዛፉ እስከ በሩ። ከበሩ እስከ ሰዓት መጠገኛ ሥራ ክፍሌ። እንደገና ከዛፉ እስከ በሩ። በአንድ እጁ ፖም ይገምጣል፣ ከነልቡ፣ ከነዘሩ። የሚጣል ነገር አይወድም፤ ሲጨርስ እጁ ላይ የቀረችው ጭራዋ ብቻ ናት።

«ምን ትለካለህ?» አልኩት።

«ቦታ ነው አባባ።»

«ቦታው የት እንዳይሄድብህ ነው?»

ሳቀና ደብተሩ ላይ ጻፈ። ምንድን ነው የሚጽፈው?

ኅዳር 9

ትናንት የልጅ ልጄ የምርቃት ድግስ ነበር። በላሁ። አልክድም። የተጠበሰ ዶሮ፣ ሩዝ፣ እንደገና ዶሮ፣ ኬክ ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው የምሩቋ ድርሻ ነው፣ «ብላልኝ አባባ» ያለችኝ መስሎኝ... እንግዳው ሁሉ እንደኔው ነው። ቀበቶውን ያላላላ ወንድ አልነበረም።

ከዚያ ሜትር ተነሣ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

«አባባ፣ እስቲ አንዴ ቀጥ ብለው ይቁሙልኝ።»

እኔ ሞኙ ፎቶ ሊያነሣኝ መስሎኝ ኮቴን አስተካክዬ ቆምኩ። ሜትሩን ስቦ ሆዴ ላይ ጠመጠመው!

«አንድ ሜትር ከሃያ!» ብሎ ጮኸ። «ጎበዝ፣ ከዚህ ካለፈ በሩን ማስፋት አለብን!»

ሳቁ... ባለሰዓቷ ጎረቤቴ እንባዋን እስክትጠርግ። የልጅ ልጄ ወንበር እስክትደግፍ። ልጄ እንኳ አፏን ሸፍና። ሃምሳ ዓመት ሰው ላይ የቀለድኩ እኔ፣ ሃምሳ ብር የማያወጣ ሜትር ይቀልድብኝ?

እሱ ብቻ ቢሆን። ሳቁ ሳይበርድ ሌላ ጨመረ። መሥሪያ ቤቱ መኪና ሊሰጠው ነው። መኪናው ግቢ ውስጥ ማደር አለበት። ቅዳሜ አለቃው መጥቶ ቦታውን ያያል፣ ሰኞ ብርቱካኑ ይቆረጣል።

«ይቆረጣል» ሲል አላየኝም። ሳህኑን ነው ያየው። ፈሪ።

የሆዴን እተውለት ነበር። የዛፉን ግን... ቆይ ብቻ።

ኅዳር 10

ቤቱ በሙሉ ሆዱን ይዞ ያቃስታል። ከትናንት ወዲያ የተበላው ገና አልወረደም። ጊዜዬ ደረሰ።

ጠዋት አሥር ብርቱካን ለቀምኩ፤ ሦስት ሎሚ ጨመርኩ። ሆድ ሲከብድ የሚጠጣውን፣ ባለቤቴ እንዳስተማረችኝ፦ ናናውን በእጅ ጨፍልቆ፣ ከተከተፈ ዝንጅብል ጋር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መተው። ብርቱካኑን ልጦ፣ ነጩን ቆዳ በቢላ ጫፍ አንሥቶ፣ ዘሩን ለቅሞ፣ በእጅ መጭመቅ። መቀላቀል። በጣት ጫፍ ጨው። ስኳር የለም። «ትናንት የበላችሁት ይበቃችኋል» ትል ነበር።

በሳቃቸው ልክ ቀዳሁላቸው፤ ብዙ ለሳቀ ትንሽ። ልጄ አፏን ሸፍና ስለሳቀች ሙሉ ብርጭቆ። የልጅ ልጄ ወንበር ስለደገፈች ግማሽ። ጎረቤቴ ሰዓቷን ልትወስድ መጣች፤ ለእሷ ከታች ትንሽ።

«ምነው ይቺ ብቻ?» አለች።

«እንባሽ ስላለቀ ነው። ቀስ በቀስ ይተካ።»

በመጨረሻ ሜትር መጣ። ሆዱ ተነፍቷል፣ ቀበቶውን እጁ ላይ ጠቅልሎ ይዞታል።

«አባባ፣ ለእኔስ?»

«አለቀ።»

«ጆጉ እኮ ግማሽ ነው!»

«እሱ የኔ ነው። አንድ ሜትር ከሃያ ሆድ በቀላሉ ይሞላል እንዴ?»

የልጅ ልጄ የጠጣችው በአፍንጫዋ ወጣ። ሜትር ለስላሳ ከፍቶ ጠጣ። ይባስ ነፋው። ሲያገሳ ሥራ ክፍሌ ድረስ ተሰማኝ። ደስ አለኝ... በጣም።

ኅዳር 11

ዛሬም ጨመቅኩ። ዛሬም «አለቀ» አልኩት።

ኅዳር 13

ሜትር ሥራ ክፍሌ መጣ። አንኳኩቶ! ነገሩ ወዲህ ነው፦ አለቃው ለስላሳ ሆዱን ይነፋዋል፣ አይነካም። ይሄ ደግሞ በስልክ «ግድ የለም፣ እቤት የተጨመቀ አለን» ብሎ ቃል ገብቷል።

«አባባ፣ እባክዎ አሠራሩን ይንገሩኝ።»

«ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ናና፣ ውሃ፣ ትንሽ ጨው።»

«በቃ?»

«በቃ።»

አንድም አልዋሸሁም። ይላጣል ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ... አልጠየቀኝም። ፖም ከነዘሩ የሚበላ ሰው ብርቱካን አይልጥም። ብሌንደር ውስጥ ከነቆዳው ይከተዋል። ወዲያው ሲቀምሰው ይጥመዋል፤ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። ነጩ ቆዳና ዘሩ የሚመርሩት ሲቆዩ ነው። እንዴት አወቅክ ብባል... በጎረምሳነቴ እኔም ያንኑ ሠርቼ፣ ባለቤቴ ሳምንት ሙሉ ስቃብኛለች።

ሊወጣ ሲል ጠራሁት።

«ጠዋት ሠርተህ ፍሪጅ ውስጥ ተወው። ሲቆይ ነው የሚጥመው።»

እሺ፣ ይቺ ውሸት ናት። አንዲት።

ኅዳር 14

አለቃው መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቁ ሳል የሚመስል። እኔ ቀደም ብዬ ከዛፉ ሥር ተቀምጫለሁ። የራሴ ጆግ ከአግዳሚው ሥር፣ በጨርቅ ተሸፍኖ።

ሜትር ለክብር እንግዳ በሚወጣው ብርጭቆ ቀዳለት። አለቃው ተጎነጨ። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ ቶሎም አልተመለሰም።

«ይሄ... መድኃኒት ነው?»

ሜትር ደንግጦ ከራሱ ብርጭቆ ጠጣ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጠዋት እኮ ጣፋጭ ነበር! እኔ ራሴ ቀምሼዋለሁ!»

ተነሣሁ። ሳልቸኩል። ጨርቁን ገለጥኩ።

«ይቅርታ ጌታዬ። አማቼ መለካት እንጂ መጭመቅ አልተማረም። ይህን ይሞክሩት።»

አንድ ጠጣ። ሁለት። ሦስተኛውን ራሱ ቀዳ።

«ከየት ያመጡት ብርቱካን ነው?»

«ከዚሁ። ሰኞ ከሚቆረጠው።»

አለቃው ቀና ብሎ ዛፉን አየ። ሜትርን አየ። «ይህን ለመኪና ማቆሚያ? ኧረ ነውር ነው! ሌላ ቦታ ከሌለህ መኪናውን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን። ዛፉን እንዳትነካ።»

ሜትር አንገቱን ደፋ። «ፊትህ ስንት ሴንቲ ወረደ?» ልለው ምላሴ ላይ ደርሳ መለስኳት። ለነገ ትቆይ ብዬ። ድል በአንድ ቀን አይበላም።

ኅዳር 15

ልጄ ቁርስ ላይ ከሳህኔ አጠገብ የታጠፈ ወረቀት አኖረች።

«ምንድን ነው?»

«አንብበው አባዬ። መነጽርህን አድርግና አንብበው።»

ሜትር የሣለው የግቢው ፕላን። ሁለት ነው። አንደኛው ላይ ዛፉ ተሰርዟል። ሁለተኛው ላይ ዛፉ አለ፣ የተሰረዘው የእኔ ሥራ ክፍል ነው። ከዚያ ሁለተኛው ፕላን ከዳር እስከ ዳር በቀይ ተሰርዟል። ከጎኑ በራሱ እጅ ጽሑፍ፦ «የአባባ ክፍል። አይነካም።»

«ከሁለቱ አንዱ መፍረስ ነበረበት» አለች። «ያንተ ክፍል ከፈረሰ ምን ይዘህ ትውላለህ ብሎ... የእማዬን ዛፍ ለመቁረጥ እኔን ለምኖ ነው። አልቅሼ ነው እሺ ያልኩት። አዲሱ የሥራ ቦታ ሁለት አውቶቡስ ነው፣ ከዚያም በእግር። መኪናው ከቀረ ሥራውን መልቀቁ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርህ ትቀልድብን ነበራ።»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ቀኑን ሙሉ አንዲት ብሎን አልፈታሁም። ሳህኑን ነበር ያየው... እኔ ፈሪ አልኩት።

ኅዳር 16

ሜትር ለሥራ ሳይወጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

«ሜትርህን አውጣ።»

ወደ ኋላ አለ። የምመታው መሰለው እንዴ? «ምነው አባባ?»

«ሥራ ክፍሌን ለካ።»

«አይሆንም።»

«ለካ ብዬሃለሁ! የሰው ሆድ ሲሆን አልሰነፍክም!»

ለካ። ወርዱ ሦስት ሜትር፣ ርዝመቱ አምስት ከሃያ። መኪናው ልክ ይገባል። ያውቀዋል እኮ፣ ስንቴ ለክቶታል። «በል ይፍረስ» አልኩት። እዚያው ቆሞ ለአለቃው ደወለ። የአለቃው ድምፅ ለእኔም ይሰማኛል።

«ዛፉስ?»

«ዛፉ አለ ጌታዬ። ሌላ ቦታ ተገኝቷል።»

«እንግዲያው መኪናው ያንተ ነው። ስትመጣ አንድ ጠርሙስ ይዘህልኝ ና። ያንተን አይደለም፣ የሽማግሌውን!»

የመጀመሪያውን ቆርቆሮ እኔው ነቀልኩ። ሚስማሩ ዝጓል፣ ያስቸግራል። ሜትር መዶሻውን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። ሁለተኛው ላይ ሰጠሁት።

ኅዳር 28

መኪናው ክፍሌ በነበረበት ቆሟል። ነጭ ነው፣ ከብርቱካኑ የወደቀ ቅጠል ጣሪያው ላይ። ክፍሌ ይናፍቀኛል... ይህን ለማንም አልናገርም።

መሣሪያዎቼ ሳሎን ገቡ። ክፍሌ ተሰቅለው የነበሩት አሥራ አንድ የግድግዳ ሰዓቶችም አብረው። ሁሉም በየራሳቸው ደቂቃ ይደውላሉ። ላስተካክላቸው እችላለሁ፣ ሃምሳ ዓመት የሠራሁት እሱን አይደል? አላስተካክላቸውም። ሜትር ከምሳ በኋላ ሶፋ ላይ ጋደም ሲል አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ትራሱን ጆሮው ላይ ሲጭን አይቼዋለሁ።

ዛሬ ከዛፉ ሥር አስቀምጬ መጭመቅ አስተማርኩት። ነጩን ቆዳ እያነሣ ይቃጠላል።

«ይሄ ሁሉ ይጣል አባባ?»

«ይጣል።»

«ዘሩም?»

«ዘሩም።»

ለእሱ ዓይነት ሰው ከዚህ የባሰ ቅጣት የት ይገኛል? ሲጨርስ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእኔ ሰጠኝ። ጥሩ ነው፤ ትንሽ ጨው በዝቶበታል።

«የዚያን ቀን የሆዱን ነገር... ይቅርታ አባባ» አለኝ።

«የምን ሆድ?» አልኩት፣ እንደረሳ ሰው ሆኜ።

ደስ አለው። ብርጭቆውን አንሥቶ መጠጣት ጀመረ። ሜትሩን አግዳሚው ላይ ረስቶታል። ቀስ ብዬ ከኋላው ዞርኩና ሆዱ ላይ ጠመጠምኩት።

አንድ ሜትር ከአሥራ ስምንት።

ሁለት ሴንቲ ብቻ ቀረችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልደቱ ነው። ኬኩን የማዘው እኔ ነኝ ብያለሁ። ትልቁን።