ይቆረጥ ወይስ ይቅር

ጥቅምት 14

የወላጆች ቀን ነበር። ርዕሰ መምህራችን አቶ ደርቤ መድረክ ላይ አስወጣኝና “መምህርት ሰልሰቢልን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ያያት ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ” አለ። ማንም አላወጣም። ተጨበጨበ። የአራተኛ ክፍል ልጆቼማ መዳፋቸው እስኪቀላ። ሰርተፍኬትና ቴርሞስ ተሰጠኝ… ለትጋቷ፣ ምናምን። እኔም ቆሜ ሰማሁ። ምን ምርጫ ነበረኝ?

ወንበሬ ላይ ልጆቹ ቦርሳቸውን ይከምሩበታል። የኔ መሆኑን ራሱ የረሱት ይመስለኛል።

እዚህ ማንም አያነበውም፣ ልጻፈው። ብልቴን ያመኛል። ይኸው ጻፍኩት። በአፌ ብዬው አላውቅም። ስቀመጥ፣ ጠበብ ያለ ልብስ ስለብስ፣ ባሌ ሲነካኝ… በርበሬ የነካ እጅ ዓይን ውስጥ ሲገባ እንደሚያቃጥለው ነው። ከማግባቴ በፊትም ነበር፣ ግን ቀስ ያለ ነበር። ካገባሁ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ለቆኝ አያውቅም።

ቴርሞሱ ግን ጥሩ ነው።

ጥቅምት 20

ለቅሶ ቤት። ሴቶቹ ሁሉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ውሃ አቀርባለሁ፣ ሻይ አቀርባለሁ፣ ብርጭቆ እሰበስባለሁ፣ ደግሞ ውሃ። አማቴ እማ ነሲባ ለጎረቤታቸው ሲነግሯት ሰማሁ። “የኔ ምራት ትልቅ ሰው ፊት አትቀመጥም። አስተዳደጓ ነው።” ሴትዮዋ መረቀችኝ።

ጓዳ ገብቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። በበሽታዬ ተከበርኩ እኮ።

ኅዳር 3

ጎንደር ሄጄ መጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ጋቢ አጥፌ በአንድ ጎኔ ብቻ ተቀመጥኩ። አልቻልኩም፤ ዳባት ወርጄ እህቴ ዚነት ቤት ትንሽ ተጋደምኩና ሌላ መኪና ተሳፈርኩ። ዚነት ሆዷ ገፍቷል፣ ወር አይሞላትም።

ዶክተሯ ሕሊና ትባላለች። ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። “የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?” “ማህፀኔን።” ሦስት ዓመት ላየኝ ሐኪም ሁሉ ያልኩት ይህንኑ ነው። ሌላውን ማን በአፉ ይጠራል? ስለዚህ ማህፀኔ በአልትራሳውንድ ታይቷል፣ ኪኒን ተሰጥቶታል፣ ተመርምሮ ተመርምሮ… ምስኪን፣ ምንም ሳያጠፋ።

ካርዴን አየት አድርጋ ወደ ጎን አስቀመጠችው። “በአፍሽ አትንገሪኝ። በጣትሽ አሳዪኝ።” አሳየኋት። ጫፉ ላይ ጥጥ ባለው ቀጭን እንጨት ነካ አደረገችኝ። ጮህኩ። ነካችኝ ለማለት እንኳ አይበቃም ነበር።

“በሕፃንነትሽ ተገርዘሻል፣ አይደል?”

“እንደ ሰው ሁሉ።” በተወለድኩ በስምንተኛው ቀን ነው ይባላል። ምኑን አውቀዋለሁ?

መስታወት ያዘችልኝ። ሠላሳ ሊሞላኝ ነው፣ ገላዬን ገና ዛሬ አየሁት። ጠባሳው ሥር ሽምብራ የምታህል እብጠት አለች። ያኔ የተቆረጠው ነርቭ ጫፉ ጠባሳው ውስጥ ተቋጥሮ ነው አለችኝ። ከአእምሮዬ አይደለም ማለት ነው። ጂንም አይደለም። ከማፈሬ በፊት ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ያለችውን እንዳልረሳው ልጻፈው። በኦፕራሲዮን ይወጣል። ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ምንም ለውጥ የማያዩ አሉ። ጥቂቶች ደግሞ ይብስባቸዋል፣ “ይህንንም አልደብቅሽም” አለች። ካልፈለግኩ የሚያደነዝዝ ቅባት አለ፣ እሱን እየተቀቡ የሚኖሩ አሉ።

“አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?” አልኳት።

“እኔ አይደለሁማ” አለች። ለጥር 6 ያዘችልኝ። ሐሳቤን ከቀየርኩ መደወል ብቻ ነው።

ኅዳር 4

ሌላ ምላጭ። እዚያው ቦታ ላይ።

የመጀመሪያው ጊዜ ማንም አልጠየቀኝም። አሁን እየጠየቁኝ ነው፣ መልስ የለኝም።

ኅዳር 6

ለባሌ ለሙሰዓብ ነገርኩት። መለዋወጫ ሱቁን ዘግቶ፣ እጁ ገና ግሪስ ግሪስ እየሸተተ፣ እራት እየበላን። መሬት መሬት እያየ ሰማኝ። ከዚያ “ለኔ ብለሽ ከሆነ ይቅርብሽ። እኔ ችያለሁ” አለ።

ችያለሁ! ደሜ ፈላ። “ማን ስለ አንተ አወራ? መቀመጥ ፈልጌ ነው! እንደ ሰው ቁጭ ማለት!” ሶላት ላይ፣ ቁጭ ተብሎ የሚባለው አተህያቱ ላይ ስደርስ፣ እየተጣደፍኩ አሰላምቼ እንደምጨርስ ነገርኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ አላህ ፊት ተረጋግቼ ተቀምጬ አላውቅም። ሌላ ቦታ መቆም ይቻላል፣ እዚያ ግን ወዴት ይኬዳል?

እጁ ጉርሻ እንደያዘ ቀረ። “ይህን ነግረሽኝ አታውቂም።”

“ጠይቀኸኝ አታውቅም።”

ትሪውን ገፋ አድርጎ፣ የመጀመሪያው ዓመት የጠላሁት መስሎት እንደነበር ነገረኝ። ሶፋው ላይ የሚተኛውም በእንቅልፍ ልቡ ተገላብጦ እንዳያሳምመኝ ፈርቶ ነው። እኔ ደግሞ የሰለቸሁት… ሌላ ሴት ያሰበ ነበር የመሰለኝ። ሁለት ሞኞች፣ አንድ ቤት ውስጥ። አለቀስን፣ እሱ ከኔ ይበልጥ።

“ታዲያ ምን ልበል?” አለኝ በኋላ። “ይደረግ ልበል ወይስ ይቅር?”

ምን አውቄ።

ኅዳር 15

ቅባቱን ጀመርኩ። ሲቀቡት መጀመሪያ እንደ እሳት ነው፣ ከዚያ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ደንዝዞ ሲለቅ ዕዳውን ያስከፍላል። ከእጅ አይሻል ዶማ።

ግን ዛሬ ደንዝዞ ሳለ ቦርሳዎቹን አንስቼ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ደብተር ላርም። አንዷ ተማሪዬ ተነስታ ቀስ ብላ መጣችና “ቲቸር፣ አሞሽ ነው?” አለችኝ።

ኅዳር 24

እማ ነሲባ መጡ። ሙሰዓብ ኦፕራሲዮን የሚል ቃል አምልጦታል። የዘምዘም ውሃ በትንሽ ጠርሙስ ይዘዋል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል።

“ማህፀንሽን ሊያወጡት ነው?”

“ኧረ እማ፣ እሱን አይነኩትም።”

“ታዲያ ምንሽን ነው?”

መሬት አየሁ። እሳቸውም ጨዋነቴ መስሏቸው እጄን መታ መታ አደረጉኝ፤ “ተይው፣ ዝም አይነቅዝም” አሉ። ይቅርብሽ ነው ምክራቸው፤ ገላ አንዴ ከተነካ እንደ ነበረው አይሆንም፣ አላህ ያመጣውን አላህ ይመልሰዋል። ክፉ አይደሉም። የልጅ ልጅ ናፍቋቸዋል፣ እኔንም ይወዱኛል። ዘምዘሙን ጠጣሁት።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኔ ግን ነቅዟል።

ታኅሣሥ 9

ዳባት። ዚነት ወለደች፣ ሴት ልጅ። ጸጉሯ ጥቁር፣ ቁጡ፣ እኔን ትመስላለች ይላሉ። እናቴ ልታርሳት ከመካነ ብርሃን መጥታለች። በዚያ መንገድ ተንገላታ፣ ግማሹን በእግር።

ከሰዓት አንዲት ጎረቤት ገንፎ ይዛ መጣችና፣ እንዲሁ ጨዋታ አድርጋ፣ “መቼ ነው የምታስገርዟት?” አለች። ዚነት ቀና ሳትል “አላስገርዛትም” አለች። ሴትዮዋ እናቴን አየቻት። እናቴ የሕፃኗን ጨርቅ ታጥፋለች፣ አንዱን አጥፋ ትፈታና ደግማ ታጥፋለች።

ሴትዮዋ ስትሄድ፣ ዚነትም ከልጇ ጋር ስታሸልብ፣ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። በስሙ። ለእናት ይቀላል ብዬ ነበር፣ አይቀልም።

“እኔን ሲቆርጡኝ እዚያ ነበርሽ?” አልኳት።

“ከቤት ወጣሁ እንጂ። በአራስ ወገቤ ጓሮ ቆሜ ጆሮዬን ያዝሁ። ቢሆንም ሰማሁሽ።”

“ማን ነው ያዘዘው?”

“ማን ያዛል ልጄ? ቀኑ ደረሰ፣ ሴትዮዋ መጣች። እኔንም እንዲያ፣ እናቴንም እንዲያ። እንዲያውም ደግ የዋለችልሽ መስሎኝ፣ ገንፎውን በቅቤ አብልቼ ነው የሸኘኋት።”

እብጠቷን ነገርኳት። አላለቀሰችም። ምን ያህላል አለችኝ። ሽምብራ ስላት ጣቶቿን አገጣጥማ ለካችው፣ ትንሿን ክፍተት ዝም ብላ አየቻት። “ይኽን ሁሉ ዘመን ተሸክመሽው?”

“ይህን ሁሉ ዘመን።”

ከዚያ ጠየቅኳት። የመጣሁትም ለዚህ ነበር መሰለኝ። “ምን ላድርግ እማ? ይቆረጥ ወይስ ይቅር? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ።” እውነቴን ነበር። አንድ ቃል ብትለኝ አበቃ።

“አይ ልጄ። እኔማ አልናገርም። በገላሽ ላይ አንድ ጊዜ እሺ ብያለሁ፣ እሱ ይበቃኛል።”

ተናደድኩባት። እሷ ካልተናገረች ማን ሊናገርልኝ ነው? መኪና እስክሳፈር አላናገርኳትም። አሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም።

ታኅሣሥ 22

ለዶክተሯ ልደውል ስልክ አነሳሁ። ይቅርብኝ ልላት። አስቀመጥኩት።

ደህና የምሆንባቸው ቀኖች አሉ እኮ። የለመድኩት ሕመም ነው፣ ጠባዩን አውቀዋለሁ፣ የት እንደምቆም፣ ምን እንደምለብስ… ቢብስብኝስ? እኔው ነኝ ያስባስኩት ሊሆን ነው። ያኔ የማማርረው ሰው እንኳ አይኖረኝም።

ታኅሣሥ 30

ቅባቱ አለቀ። ሌላ አልገዛሁም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጥር 2

የጎንደር መንገድ ተዘጋ። ከዳባት ወዲያ መኪና አያልፍም አሉ። እስከ መቼ? የሚያውቅ የለም።

አልሐምዱሊላህ! አልኩ መጀመሪያ። እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። ሰበብ ተገኘ። ፈራች የሚለኝ የለም፣ ራሴም ሳልቀር። ሙሰዓብን “በቃ፣ የአላህ ፈቃድ ነው” አልኩት። ዛሬ ደህና አድርጌ በላሁ።

ጥር 3

ደስታው እስከ ጠዋት ነው የቆየው።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍልፋይ እያስተማርኩ ሐሳቤ መናኸሪያ ነው። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ቤቴ ሳልገባ ሄድኩ። ተራ አስከባሪውን ጠየቅኩት። “ምን አውቄ እህቴ።” የቆሙትን ሾፌሮች ጠየቅኩ፣ አንድ በአንድ። ዛሬ ይከፈታል? ነገስ? በሌላ በኩል መዞሪያ የለም? አንዱ ሾፌር ከመስታወቱ ውስጥ አየኝና “ምነው፣ ሠርግ አለብሽ እንዴ?” ብሎ ሳቀ።

“ቀጠሮ አለኝ!” አልኩት። ጮኼ ነው ያልኩት። ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ ነኝ እንዴ ይቺ? ትናንት መንገዱ በመዘጋቱ አላህን ያመሰገንኩት እኔ?

የማይፈልጉትን ነገር ከለከሉኝ ብሎ ማን እንዲህ ይቆጣል?

ቢብስም እኔው። ቢሻልም እኔው። ይቆረጥ።

ጥር 5

ዛሬ ጠዋት ተከፈተ። ሙሰዓብ ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ መጣ። ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ያለውን ወንበር ሙሉውን ይዞልኝ፣ ጭኑ ላይ ራሴን አድርጌ ተጋደምኩ። ሰው ምን ይላል አላልኩም።

ዳባት ስንቆም እናቴ መንገድ ዳር ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። ማን ነገራት? ዚነት ትሆናለች፤ ለእሷ ደውዬላት ነበር። ምንም ሳትለኝ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ጥር 7፣ ጎንደር

በጎኔ ተኝቼ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ ተንጋዷል። ትናንት ተደረገልኝ። ዶክተር ሕሊና ሳይበጣጠስ ወጥቷል አለች። ቁስሉ ለመዳን ሳምንታት ይፈልጋል፤ ያኛው ሕመም መሄድ አለመሄዱ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን የሚያመኝ የስፌቱ ነው። ያማል፣ ግን ቁስል እንደሚያም ነው የሚያመው።

እማ ነሲባ ደወሉ። “ምንሽን ነው ያወጡልሽ?” ነገርኳቸው፣ በስሙ። “አንቺ ልጅ፣ አታፍሪም?” አሉ። ግን አልዘጉትም። ምን ዓይነት ሾርባ እንደምወድ ጠየቁኝ።

የትናንቱን ሳልጽፍ መተኛት አልፈልግም።

ነርሷ መጥታ ሙሰዓብን “ባለቤቷ ነህ? ተስማምተሃል?” አለችው። “የምትስማማው እሷ ናት፣ እሷን ጠይቂያት” አለ። ጠየቀችኝ። እሺ አልኩ። ያ ቀላል ነበር። አረንጓዴውን ልብስ አልብሰው ተሽከርካሪ አልጋ ላይ አስተኙኝ፣ መግፋት ጀመሩ።

በሩ ጋ ስንደርስ እናቴ የአልጋውን ብረት ያዘች። ገፊው ቆመ። ነርሷ “እናት፣ ከዚህ በኋላ አይገባም” አለቻት። አልሰማቻትም። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። ነጠላዋ ወድቋል፣ አላነሳችውም። ድምፅዋ ሕፃን እንዳይነቃባት የምታወራ ሴት ድምፅ ነው።

“ልጄ፣ ይቁረጡሽ?”

መልሱን ታውቀዋለች። ከዳባት ጀምሮ አብራኝ ናት። ፊቴ ላይ ፈዛ ትጠብቃለች፣ እንቢ ብላት አልጋውን ይዛ የምትመለስ ነው የምትመስለው። ሠላሳ ዓመት ዘግይታ እየጠየቀችኝ እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

“አዎ፣ እማ” አልኳት።

“እሺ” አለች። ብረቱን ለቀቀችው።