ሥዕሉ ሥር ያስቀመጥኩት የኩሬ ውሃ

ጥቅምት 8

ሥራ እንደ ወትሮው። ከኤርፖርቱ ፓርኪንግ ወደ ተርሚናል፣ ከተርሚናል ወደ ፓርኪንግ፤ ሻንጣ መጫን፣ ሻንጣ ማውረድ። በምሳ ሰዓት ከሌማያን ጋር ተቀመጥን። እንደ እኔው የሸትል ሹፌር ነው፣ የኬንያ ማሳይ። ስልኩ ላይ የመንደራቸውን ኩሬ አሳየኝ... ከብቱ ገብቶ ቆሟል፣ ሴቶቹ ከዚያው ይቀዳሉ። የእህቱ ልጆች ሆዳቸውን እያመማቸው ከትምህርት ቤት ይቀራሉ አለ። እዚህ ሰው አገር ያሉት ኬንያዎች ጉድጓድ ማስቆፈሪያውን አዋጥተዋል፤ የጎደለው ፓምፑ ነው።

"ፓምፑን ለእኛ ተወው" አልኩት።

እኛ ማን? አፌን ምን አስቸኮለው? እጄን ጨብጦ አልለቅ ሲለኝ ግን ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ጥቅምት 10

ለትብለጥ ነገርኳት። ሚስት ናትና ታውቀኛለች። "መጀመሪያ የራሳችንን ሻወር አስጠግን። ከሰኔ ጀምሮ ያንጠባጥባል።" እናቷ እማማ ከበቡሽ ደግሞ ከሶፋው ላይ ሆነው፣ "ያገርህ ሰው ውሃ ጠምቶት የለም እንዴ? ማሳይ ምንህ ነው?" አሉኝ። የሥራ ጓደኛዬ ነው ብል እናትና ልጅ ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው... ግን ቃል ገብቻለሁ። ነገ ሌማያንን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

ኅዳር 13

የሚካኤል ማኅበራችን፣ አሌክሳንድሪያ፣ ክፍሌ ቤት። ጠበል ጸዲቁ ካለቀ በኋላ ተነሥቼ ማኅበሩ ፓምፑን እንዲገዛ ጠየቅሁ። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀ መንበር እኔ። ስለ ውሃው ጥቂት፣ ስለ ኮሚቴው ማኅተም ብዙ ተወያየን። እኔ ክብ ይሁን አልኩ፣ ክፍሌ ሞላላ አለ። ክብ አሸነፈ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ እስክደርስ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነዳሁ።

ፓምፑስ? ለጥር ተላለፈ። ክፍሌ፣ "በዓይናችን ሳናይ በፎቶ ብቻ እንዴት አፕሩቭ እናደርጋለን?" አለ። ያን ጊዜ ነው ያ ብልሃቴ የመጣልኝ። ሌማያን ለእረፍት አገሩ ይሄዳል። ከኩሬው በጠርሙስ ቀድቶ ያምጣልን፣ አባላቱ በዓይናቸው ይዩት። ሁሉም "ጎበዝ" አሉኝ።

ታኅሣሥ 14

ሌማያን ተመለሰ። ውሃውን በለስላሳ ጠርሙስ አድርጎ፣ በካልሲ ጠቅልሎ፣ በሻንጣው አመጣው። ደፍርሷል፣ ሥሩ ላይ አፈር ዘቅጧል። ትብለጥ፣ "ፍሪጄ ውስጥ ድርሽ እንዳይል" አለች። ጋራዥ ባኖረው ቅዝቃዜው ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል። ልጆቻችን የማይነኩት ቦታ የት አለ? በቤታችን አንድ ብቻ ነው፤ የሚካኤል ሥዕል ሥር ያለችው ጠረጴዛ። እዚያ አኖርኩት። እንዴት ያለሁ አስተዋይ ሰው ነኝ።

ታኅሣሥ 18

ጠርሙሱ የጎደለ መሰለኝ። ማሞቂያው አትንኖት ይሆን?

ታኅሣሥ 20

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

እማማን ከትናንት ጀምሮ ያስመልሳቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል። ዛሬ ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። ሆስፒታል፣ ኢአር ወሰድናቸው። ነርሷ ምን እንደበሉ ጠየቀች። "ጾም ላይ ናት፣ ምስርና ጎመን ብቻ ነው" አለቻት ትብለጥ። እማማ በደከመ ድምፅ፣ "ጠዋት ጠዋት ከጠበሉ በቀር ምንም አልቀመስኩ" አሉ።

የትኛው ጠበል? አልኳቸው።

"ብስራት ያመጣው ነዋ። ሥዕሉ ሥር ያለው። አፈር አፈር ሲለኝ ከሩቅ ገዳም ነው ብዬ፣ በባዶ ሆዴ..."

ለምን አይጠጡት? ከሩቅ የመጣ፣ የደፈረሰ፣ ሥዕል ሥር የተቀመጠ ውሃ በእኛ ቤት ሌላ ምን ሊሆን ነው? እኔም ባገኘው አማትቤ እጠጣው ነበር። ለሐኪሙ ከብት የቆመበት ኩሬ ውሃ ነው ብዬ ባስረዳው አስደገመኝ። ትብለጥ ዞራም አላየችኝ። ሊቀ መንበሩ ኮሪደር ላይ ቆሞ አለቀሰ። እኚህ ሴት ቢሞቱብኝስ?

ታኅሣሥ 22

አስተኝተዋቸዋል። ግሉኮስ ተሰክቶላቸዋል፣ ዛሬ ትንሽ ዓይናቸው በራ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል የግሉኮሱን ቱቦ ልነቅለው ነበር፤ ነርሷ ተቆጣችኝ። ይቅርታ እንኳ በወጉ አልሆነልኝም።

"ተው፣ ተነሥ" አሉኝ። "ያ ጓደኛህ... እናት አለው?"

"አሉ፣ እማማ። የእርስዎ እኩያ ናቸው።"

"ይህንኑ ነው የሚጠጡት?"

"ይህንኑ ነው።"

"ሲያማቸውስ?"

"ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው። አንዳንዴ ልጆቹ..." እማማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ታኅሣሥ 29

ገና። እማማ ቤት ገቡ። ትብለጥም አናገረችኝ፤ "ዶሮውን አምጣው" አለችኝ። ከሰሞኑ የሰማሁት ደስ የሚል ንግግር እሱ ነው።

ጥር 16

ማኅበሩ በእኛ ተራ ነበር። ንግግሬን ሳጠና ሰንብቻለሁ፣ ከረባትም አሰርኩ። "የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት" ከማለቴ እማማ ተነሡ። "አንተ ቁጭ በል።" ቁጭ አልኩ።

"በዓይናችን ካላየን ላላችሁ፣ እኔ በሆዴ አይቼዋለሁ" አሉ። "እኔን ልጄ በመኪና አድርሳኝ ሐኪም አዳነኝ። እነዚያ ሕፃናት ሲነጋ ያንኑ ደግመው ይጠጡታል። ማሳይ ምንህ ነው ብዬው ነበር ይህን ልጅ። አሁን ምኔ እንደሆኑ አውቄዋለሁ፤ አንድ ውሃ ጠጥተናል።"

መጀመሪያ እጁን ያወጣው ክፍሌ ነው። ፓምፑ ይገዛ ተባለ። እግረ መንገዳቸውንም ሊቀ መንበርነቱን ለእማማ ሰጡት። እኔ ማኅተም ያዥ ሆንኩ። እስካሁን ማኅተም ይመታልኝ ያለ የለም።

ሚያዝያ 25

ፓምፑ ተተከለ። ሌማያን እኛ ቤት መጥቶ በቪዲዮ እናቱን አገናኘን። ቀጭን ናቸው፣ ረጅም፣ አንገታቸው በጨሌ የተሞላ። ለሰላምታ የሚሆን ስዋሂሊ አጥንቼ ነበር... ማን ሰምቶኝ። እማማ ስልኬን ከእጄ ወስደው ዓይናቸው ሥር አደረጉት። ሴትዮዋ ወደ ስልኩ እትፍ አሉ። ሌማያን ደንግጦ፣ "ምርቃት ነው" ብሎ ሊያስረዳን ሲል እማማ ቀደሙት። "እትፍ እትፍ፣ ዕድሜ ይስጥሽ እቴ" እያሉ ስልኬን ምራቅ በምራቅ አደረጉት።

ከዚያ ሴትዮዋ ከቧንቧው በጣሳ ቀድተው ጠጡ። እዚያም እዚህም ተጨበጨበ። እማማ ብቻ አላጨበጨቡም። የሴትዮዋን ጉሮሮ እያዩ ቀሩ።

"ነገ ትደውልልኛለህ" አሉኝ። "ሆዷን እጠይቃታለሁ።"

ሚያዝያ 26

ጠዋት ቁርስ አቀረብኩላቸው፣ እምቢ አሉ። "ጾም እኮ አይደለም፣ እማማ" ብላቸው፣ "ደውል" ብቻ።

ለሌማያን ደወልኩ። እሱ እህቱን አግኝቶ መለሰልኝ። እናቱ ደህና አድረዋል፣ ሆዳቸውን ምንም አላላቸውም። ዛሬም ከዚያው ጠጥተዋል፣ ልጆቹም።

ነገርኳቸው። አማተቡና ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።