የአንበሳሜው እሺታ

ወረታ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ደክሞኛል። ዓመቱን ሙሉ በፌስቡክ በሐሰት ስም "ቆሞ ቀር" እያለ ሲሰድበኝ የኖረው፣ ቢሮ አጠገቤ የሚቀመጠው ጌትነት መሆኑን ስደርስበት፣ እኔም እዚያው ፌስቡክ ላይ ሰብለ የምትባል ቆንጆ ፈጥሬ በፍቅር አከነፍሁት። የአባቷን ስም ሲጠይቃት እንዳመጣልኝ "የአንበሳሜ ከተማው አቶ ሞላ" ብዬ ጻፍሁለት። ለካ ሽማግሌ ሊልክ ኖሯል!

ዛሬ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጎረቤቴ መምሬ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ተመለሱ።

"እንዴት ሆነ፣ መምሬ?" አልኋቸው።

"አቶ ሞላን አገኘናቸው፣ ልጄ። 'ሰብለ የምትባል ልጅ የለችኝም፤ ትልቋን ጥሩነሽን ግን እሰጣለሁ' አሉን።"

ጌትነትም እሺ ብሏል።

ጥሩነሽን ላስጠነቅቃት ብዬ ስሟን በፌስቡክ ፈለግሁ። የለችበትም።