ሕመምሽ ስም ነበረው

እማዬ፣ አላህ ቀብርሽን ኑር ያድርገው። ከተለየሽን ሦስት አረፋ አለፈ። ጉለሌ እንዳለች ናት። አባዬ ሸምግሏል፤ ሱቁን ግን አልዘጋም። ጤፍ እንደ ጠፋ ነው፤ ከቀበሌ የምናገኘው ያንኑ የስንዴ ዱቄት ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው።

አምና እኔም ታመምኩ። አንቺን ያሰቃየሽ ተቅማጥ አልነበረብኝም። ደም አነሰኝ፣ አፌ ቆሰለ፣ አጥንቴን ይቆረጥመኝ ጀመር፣ የቀጨኔን ዳገት መውጣት አቃተኝ። አንዱ ሐኪም የወስፋት መድኃኒት ሰጠኝ፤ ሌላው ጭንቀት ነው ብሎ ሸኘኝ። በመጨረሻ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሐኪም አንጀቴን መረመረና ስላንቺ ጠየቀኝ። ሴልያክ ይባላል አለኝ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ነገር አንጀትን ስለሚጎዳ የሚበላው ከሰውነት አይዋሃድም። በዘር ይመጣል። አዋቂ ላይ አንዱን በተቅማጥ ያከሳል፣ ሌላው ላይ በደም ማነስና በአጥንት ሕመም ብቻ ይታያል። ሴትን ጽንስ ሊያስወርዳትም ይችላል። ይህን ሲለኝ ከእኔ በኋላ ያጣሻቸውን አሰብኩና እዚያው አለቀስኩ።

ምን ሲያበሉሽ ኖሩ እማዬ! በታመምሽ ቁጥር ቅንጬ። ጠያቂው ሁሉ ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ አንቺም ይሉኝታሽ አይለቅሽም፣ እያዩሽ ትቆርሺያለሽ። ለአረፋ ሀገር ቤት ሄደሽ ወር ሙሉ ቆጮ በልተሽ ስትመለሺ ግን ፊትሽ ይፈካ ነበር። ያኔ የአባዬ እህት ዘይነባ ምን አለች? እናቷ ቤት ስትገባ የሚለቃት ምን ዓይነት በሽታ ነው፣ የወንድሜን ቤት ጠልታ ነው እንጂ! ሰፈሩም ተቀበላት። አንድ ሰው እንኳ እዚያ ምን በላሽ ብሎ አልጠየቀም።

ባለፈው ሳምንት ዱዓ ልናደርግልሽ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ ያንኑ ወሬ አነሳችው። ለታላቅ መልስ መስጠት ነውር ነው ብለሽ ነው ያሳደግሽኝ፤ አልቻልኩም፣ ተነሳሁ። ሐኪሙ ያለኝን በሙሉ ሰው ፊት ነገርኳት። እሷማ አንገቷን ደፋች። አባዬ ግን ቀና ብሎ አየኝና፣ "እንግዲያ ቤቴን አልጠላችውም ነበር?" አለኝ።

እሱም አምኖ ኖሯል እማዬ። ካንቺ ጋር እየኖረ፣ አንቺን እየቀበረ፣ አምኖ ኖሯል። ንዴቴ ከሁሉ በዚህ ነው፤ እንባውን ሳይ ግን ልጮህበት አልሆነልኝም። አልጠላችውም፣ ታማ ነበር አልኩት። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም፣ ይህንኑ እናገርልሻለሁ።

ልጅሽ